የሰው ወርቅ ያደምቃል?

ጁን 15 ቀን 1975። ኒው ዮርክ ውስጥ ራንዳልስ ደሴት ላይ ያለው የዳውኒንግ ስታዲየም ሜዳ ከሣሩ ይልቅ አፈሩ ይበዛል። ጨዋታው ደግሞ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ለመላው አገሪቱ ሊተላለፍ ነው። ምን ይደረግ? ራሰ በራው ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ተረጨበት። ኒው ዮርክ ኮስሞስና ዳላስ ቶርኔዶ 2 ለ 2 ተለያዩ፤ ከአምስት ቀን በፊት የፈረመው የ34 ዓመቱ ፔሌ አንዱን አቀብሎ ሌላውን በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። ጨዋታው አልቆ ጫማውን ሲያወልቅ እግሩ አረንጓዴ ሆኖ አገኘው። ፈንገስ ያዘኝ ብሎ ደነገጠ፤ ሁለተኛ እዚህ አልጫወትም እስከ ማለት ደርሶ ነበር ይባላል። የተረጨው ቀለም ነው፣ በውኃ ይለቃል ብለው አረጋጉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሜሪካ አንድ ሙከራ ሦስት ጊዜ በትልቁ ሞክራለች። ሕዝቡ እግር ኳስን የማይወደው ጥሩ ተጫዋች ስላላየ ከሆነ፣ የዓለምን ምርጥ እናምጣለት የሚል ሙከራ ነው። በ1975 ፔሌ፣ በ2007 ዴቪድ ቤካም፣ በ2023 ሊዮኔል ሜሲ መጡ። (በዚህ ምዕራፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ሦስቱም ጊዜ ስታዲየም ሞላ፤ ሦስቱም ጊዜ ስፖርቱ አሜሪካን ያዘ ተባለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን አባባል ይዞ ለሚፈርድ ሰው መልሱ ቀላል ነው፦ ኮከቡ ሲሄድ ድምቀቱም አብሮት ይሄዳል። እኔ ግን ፍርዱ ተቻኩሏል ባይ ነኝ። ኮከቡ በእርግጥ የሚለውጠው ሰው አለ። የሦስቱን ታሪክ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው፣ ከሁሉም በላይ የተለወጠው ትኬት የሚቆርጠው ተመልካች ሳይሆን ክለብ የሚገዛው ባለሀብት ሆኖ ነው የማገኘው። ተመልካቹን የሚለውጠው፣ ባለሀብቱ ከዚያ በኋላ በገንዘቡ የሚሠራው ሥራ ነው። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም።

በፔሌ ዘመን አልተሠራም።

ኮስሞስ የፊልምና የሙዚቃ ኩባንያው የዋርነር ኮሚዩኒኬሽንስ ንብረት ነበር። የኩባንያው አለቃ ስቲቭ ሮስ የኳስ ሰው አልነበረም፤ ትርዒት መሸጥ ግን ያውቅበታል። ኳሱን ያስወደዱት የአትላንቲክ ሬከርድስ ሰዎች የሆኑት ወንድማማቾቹ አህመትና ነሱሂ ኤርቴጉን ናቸው። ፔሌ በብራዚል እንደ ብሔራዊ ቅርስ የሚታይ ሰው ስለነበር ጉዳዩ ዲፕሎማሲ ሁሉ ጠይቋል፤ ራሱ የኳስ አፍቃሪ የሆነው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሄንሪ ኪሲንጀር ሳይቀር እጁን አስገብቶበታል። ውጤቱ ወዲያው ታየ። ጥቂት ሺህ ሰው ፊት ይጫወት የነበረው ክለብ ወደ ያንኪ ስታዲየም ተዛወረ፤ በ1977 ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ወደሚገኘው ጃያንትስ ስታዲየም ገባ። ፍራንዝ ቤከንባወርና ካርሎስ አልቤርቶ ተጨመሩ። ኦገስት 14 ቀን 1977 ኮስሞስ ፎርት ላውደርዴልን 8 ለ 3 ሲያሸንፍ ስታዲየሙ ውስጥ 77,691 ሰው ነበር። በኦክቶበር ፔሌ የመሰናበቻ ጨዋታውን አደረገ፤ የመጀመሪያውን አጋማሽ ለኮስሞስ፣ ሁለተኛውን ለቀድሞ ክለቡ ለሳንቶስ ተሰልፎ። ዝናብ ይጥላል፤ መሐመድ አሊም መጥቶ ነበር።

ይህን ያየ ባለሀብት ሁሉ ክለብ አማረው። የሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ በአንድ ዓመት ብቻ ከ18 ክለብ ወደ 24 አደገ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው። አዲሶቹ ባለቤቶች የኮስሞስን ሕዝብ አይተው ነበር፤ የኮስሞስን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ግን አላሰሉም። ኮስሞስ ሲከስር ከኋላው ፊልምና ሙዚቃ የሚሸጥ ግዙፍ ኩባንያ አለ። በየከተማው ያሉት ክለቦች ከኋላቸው ያላቸው የአንድ ሰው ኪስ ነው። ደመወዝ ላይ ጣሪያ ስላልነበረ ሁሉም በየአቅሙ፣ አንዳንዱም ከአቅሙ በላይ፣ የራሱን ፔሌ ፍለጋ ወጣ። ዮሃን ክራይፍ ሎስ አንጀለስ፣ ቀጥሎም ዋሽንግተን ገባ፤ ጌርድ ሙለር ፎርት ላውደርዴል፤ ጆርጅ ቤስት ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ተንከራተተ። ኤቢሲ ቴሌቪዥን ጨዋታዎቹን ማስተላለፍ ቢጀምርም ተመልካች አጥቶ ብዙ ሳይቆይ ተወው።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ። ከ1975 እስከ 1980 የሊጉ አማካይ የስታዲየም ተመልካች ከ7 ሺህ ተኩል ገደማ ወደ 14 ሺህ ገደማ አድጓል። እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው፤ ይህን አልንቅም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ስሙን ከሜዳ ውጭ የሚያውቀው የሰፈሩ ልጅ ሜዳው ላይ አልነበረውም። የሊጉ ደንብ እያንዳንዱ ቡድን ጥቂት የሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾችን እንዲያሰልፍ ያስገድድ ነበር፤ ከጥቂቶቹ በላይ ለማሰለፍ ግን ቸኩሎ የተነሳ ክለብ ብዙም አልነበረም። በዚህ ላይ በ1983 የዋርነር የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ አታሪ ከባድ ኪሳራ ውስጥ ገባ። ኩባንያው የማያስፈልገውን ማራገፍ ጀመረ፤ ከተራገፉት አንዱ ኮስሞስ ሆነ። በ1984 ሊጉ ዘጠኝ ክለብ ቀርቶት ነበር፤ ያ ዓመት የመጨረሻው ሆነ። የአገሪቱ ትልቁ የኳስ ክለብ ዕጣ በቪዲዮ ጨዋታ ገበያ መወሰኑ ስለ ሊጉ መሠረት ብዙ ይናገራል።

ፔሌ ሕፃናቱን አስጀመረ የሚል ክርክር አለ። እውነትነት አለው፤ ግን ሲጋነን ይሰማል። በ1990 አሜሪካ ከ40 ዓመት በኋላ ለዓለም ዋንጫ ስትበቃ ከቡድኑ ዋና ዋናዎቹ ሦስቱ፣ ጆን ሃርክስ፣ ቶኒ ሜኦላና ታብ ራሞስ፣ ከጃያንትስ ስታዲየም ብዙም ከማትርቀው ከከርኒ የመጡ ነበሩ። ፔሌ ያፈራቸው ናቸው ማለት ያስጎመጃል። ከርኒ ግን ስኮትላንዳውያንና አየርላንዳውያን በክርና በሊኖሌም ፋብሪካዎቿ ለመሥራት ከመጡ ጊዜ ጀምሮ፣ ፔሌ ሳይወለድ፣ ኳስ የምትጫወት ከተማ ነች። በሴቶቹም በኩል ቢሆን ትልቁን ሥራ የሠራው ኮከብ ሳይሆን ሕግ ነው። በ1972 የወጣውና በትምህርት ቤቶች የፆታ አድልዎን የከለከለው ሕግ ኮሌጆች ለሴቶች ቡድን እንዲያቋቁሙ ገፋፋቸው፤ በ1999 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሮዝ ቦውል ስታዲየም ውስጥ 90,185 ሰው ተቀምጦ ያየው የዚያን ፍሬ ነው። የአሜሪካ ቡድን ኮከቦች እነ ሚያ ሃም ከውጭ የመጡ አይደሉም።

ሊጉ የመጨረሻ ውድድሩን ባደረገበት በዚያው 1984 በስደት አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን የኳስ ውድድር ጀመሩ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የሚያዘጋጀው ይህ ውድድር ዛሬም በአሜሪካ የነፃነት ቀን ሰሞን ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ይካሄዳል። ሜዳው ላይ ከሚጫወቱት አብዛኞቹን ከክለባቸው ውጭ የሚያውቃቸው የለም። ሕዝቡ ግን ከዳላስም ከሲያትልም አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል፤ ግማሹ የአብሮ አደጉን ፊት ፍለጋ፣ ግማሹ ለምግቡና ለሙዚቃው፣ ከመሀል ደግሞ ለጨዋታው። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት ሊግ ያላገኘውን ዕድሜ ይህ ውድድር አገኘ። ሊግና የስደተኞች በዓል አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ሰው ወደ ስታዲየም የሚመላለሰው ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ሲያውቅ መሆኑን ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ፊፋ በ1988 የ1994ን ዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ሲሰጥ አዲስ ሊግ እንድታቋቁም ተነጋግሮ ነው። ውድድሩን በድምሩ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቶ ተመለከተው። ሜጀር ሊግ ሶከር በ1996 በአሥር ክለብ ሲጀምር መሥራቾቹ የኮስሞስን ዘመን ቁስል ገና አልረሱም ነበር። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ አጠበቁት፦ ተጫዋች የሚፈርመው ለክለብ ሳይሆን ለሊጉ ነው፤ ደመወዝ ጣሪያ አለው፤ ባለሀብቶቹም ክለቡን ብቻ ሳይሆን ሊጉን በጋራ ይይዛሉ። ጥንቃቄው ከሞት አዳነው፤ ከኪሳራ ግን አላዳነውም። ጸጉሩ ከሩቅ የሚለየው ኮሎምቢያዊ ካርሎስ ቫልዴራማ ከመጀመሪያዎቹ ኮከቦች አንዱ ነበር። ለታምፓ ቤይ ተጫወተ፣ ለማያሚም ተጫወተ። በ2002 መግቢያ ላይ ሊጉ ሁለት ክለቦችን ዘጋ፤ ታምፓ ቤይንና ማያሚን። በዚያን ሰሞን ሊጉን ያቆዩት ሦስት ባለሀብቶች ናቸው፦ ፊሊፕ አንሹትዝ፣ ላማር ሃንትና ሮበርት ክራፍት። አንሹትዝ በአንድ ወቅት ብቻውን ስድስት ክለብ ይዞ ነበር። ኮከብ ሲመጣ ካሜራ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል፤ እኔ ግን ያን ዘመን ሳስብ ትዝ የሚሉኝ፣ በየዓመቱ ኪሳራ እየተቀበሉ በሩን ያልዘጉት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ቤካም በ2007 ለሎስ አንጀለስ ጋላክሲ ሲፈርም ዜናው 250 ሚሊዮን ዶላር ይል ነበር። ከማስታወቂያውና ከሸቀጡ የሚገኘውን ሁሉ ደምሮ የተሰላ ቁጥር ነው፤ ደመወዙ በዓመት 6.5 ሚሊዮን ነበር። ያም ቢሆን የአንድ ቡድን ጠቅላላ የደመወዝ ጣሪያ ከ2 ሚሊዮን ዶላር ብዙም በማይበልጥበት ሊግ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ደንቡ ተቀየረ፤ ክለቦች ከጣሪያው በላይ የሚከፈለው ተጫዋች ማስፈረም ተፈቀደላቸው፤ ሰዉም ደንቡን የቤካም ደንብ አለው። በዚያ ዓመት በሊጉ በዓመት 12,900 ዶላር የሚከፈላቸው ወጣቶች ነበሩ። በዚህ ገንዘብ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለብቻ ቤት ተከራይቶ መኖር አይታሰብም። ልምምድ ላይ የሚያቀብሉት ሰው ያንን ያህል በአንድ ቀን ያገኛል።

ኦገስት 18 ቀን 2007 ጋላክሲ ጃያንትስ ስታዲየም ሄዶ ከኒው ዮርክ ሬድ ቡልስ ጋር ተጫወተ። 66,237 ሰው ገባ፤ ሬድ ቡልስ 5 ለ 4 አሸነፈ። የቤካም ዘመን ምርጥ ምሽት ምናልባት ያ ነበር። አሁን ከዚያ ምሽት ወጥተን የሊጉን አማካይ እንይ። ቤካም ከመምጣቱ በፊት በ2006 በአንድ ጨዋታ 15,500 ሰው ገደማ ነበር። በ2008 ወደ 16,500 ገደማ ሆነ። ያ ሁሉ ጫጫታ ባዶ ወንበር ላይ ያስቀመጠው በአንድ ጨዋታ አንድ ሺህ ሰው ያህል ነው። በ2009 ቤካም በውሰት ከሄደበት ሚላን ሲመለስ ደግሞ የጋላክሲ ደጋፊዎች በገዛ ሜዳቸው ጮኹበት፤ እሱም ወደ መቀመጫቸው ሄዶ ሲሟገታቸው ታየ። ጋዜጦች እንደ ውርደት ጻፉት። እኔ እንደ ጥሩ ምልክት ነው የማየው። ተመልካች ኮከብ ሲያይ ስልኩን ያወጣል፤ ደጋፊ ግን ክለቤን ናቅክብኝ ብሎ ይቆጣል።

ትልቁ ነገር የተፈጸመው ሌላ ቦታ ነው። ለ2007 ውድድር ወደ ሊጉ የገባው ቶሮንቶ የከፈለው የመግቢያ ዋጋ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2013 ኒው ዮርክ ሲቲ 100 ሚሊዮን ከፈለ። በ2019 ሻርሎት 325 ሚሊዮን ተባለ። በ2023 ሳን ዲዬጎ 500 ሚሊዮን። የክለቦቹም ቁጥር ከ13 ወደ 30 ደረሰ። ይህን ሁሉ ያመጣው ቤካም ብቻ ነው የሚል ሰው የለም፤ ስታዲየሞች ተሠርተዋል፣ የአገሪቱም የሕዝብ ስብጥር ተለውጧል። ሆኖም ገንዘብ ያለው ሰው ስለ አንድ ሊግ ጠበቃውን እንዲጠይቅ የሚያደርግ ዜና ያስፈልገዋል፤ ቤካም ያ ዜና ሆነ። ራሱም ከማንም ቀድሞ ገብቶታል። ውሉ ውስጥ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በ25 ሚሊዮን ዶላር ክለብ የማቋቋም መብት አስገብቶ ነበር። በ2014 መብቱን ተጠቀመበት። ቦታው ማያሚ ሆነ።

ባለሀብት በገንዘቡ ምን ሲሠራ ሕዝብ ይመጣል ለሚለው መልስ ማያሚን ትተን አትላንታ እንሂድ። አትላንታ ዩናይትድ በ2017 ሊጉን ሲቀላቀል ተራ አሜሪካዊ ስሙን የሚያውቀው አንድም ተጫዋች አልነበረውም። ከሁሉ የተሻለው ሚጌል አልሚሮን የተገዛው ከአርጀንቲናው ላኑስ ነው። ባለቤቱ አርተር ብላንክ ለአሜሪካ ፉትቦልና ለእግር ኳስ እኩል የታሰበ አዲስ ስታዲየም መሃል ከተማ ሠራ፤ ጄራርዶ ማርቲኖን አሠልጣኝ አድርጎ ወጣት የሚያጠቃ ቡድን እንዲሠራ ነፃነት ሰጠው። ከተማይቱ በባቡር ሐዲድ መገናኛነት የተቆረቆረች ስለሆነች ከጨዋታ በፊት ትልቅ ወርቅማ የሐዲድ ችንካር በመዶሻ የመምታት ሥርዓት ጀመሩ። ሲያዩት ቀልድ ይመስላል፤ ሕዝቡ ግን የራሱ አደረገው። በመጀመሪያው ዓመት አማካይ ተመልካቻቸው ከ48 ሺህ በላይ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዋንጫ ሲያነሱ 73 ሺህ ሰው ስታዲየሙ ውስጥ ነበር። ስለ ኮከብ ኃይል በተነሳ ቁጥር ይህ ክለብ መነሳት የነበረበት ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል።

ሜሲ ሲመጣ የቤካም ክለብ ኢንተር ማያሚ በምሥራቁ ምድብ የመጨረሻው ነበር። ጁላይ 21 ቀን 2023 ከሜክሲኮው ክሩዝ አዙል ጋር ሲጫወቱ ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ ገባ። በ94ኛው ደቂቃ ውጤቱ 1 ለ 1 እያለ ቅጣት ምት ተገኘ፤ ሜሲ መትቶ ግብ ማድረጉን የማያውቅ የኳስ ሰው የለም። ሌብሮን ጄምስና ሴሬና ዊሊያምስ ከተመልካቾቹ መካከል ነበሩ። ከወር በኋላ ክለቡ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ፤ በ2025 መጨረሻ ደግሞ የሊጉን ሻምፒዮንነት። በሜዳ ላይ ከሦስቱ ኮከቦች ሥራውን በሚገባ የሠራው ሜሲ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

ከሜዳ ውጭ ያለው ውጤት ግን ተዘበራርቋል። በኤፕሪል 2024 ማያሚ ካንሳስ ሲቲ ሲሄድ ባለሜዳው ክለብ ከትንሹ ሜዳው ወጥቶ አሮውሄድ ስታዲየም ገባ፤ 72,610 ሰው መጣ። ሜሲ አስቆጥሮ አቀበለ። ትኬት የገዛ ሰው ጠግቦ ሄደ። ከዚያ በፊት በኦክቶበር 2023 ሺካጎ ውስጥ 62,124 ሰው ሶልጀር ፊልድ ሲገባ ግን ሜሲ ተጎድቶ አልተሰለፈም። ሺካጎ 4 ለ 1 አሸነፈ፤ ለባለሜዳው ደጋፊ ታላቅ ምሽት ሊሆን ይገባ ነበር፤ ክለቡ ግን ለተከፋው ሕዝብ የቅናሽ ካሳ ሲያሰላ ነው የሰነበተው። በሜይ 2024 ቫንኩቨር ላይ ያው ተደገመ፤ ከ51 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ሜሲ አውሮፕላኑ ላይም አልነበረም። ክለቡ በስታዲየሙ ውስጥ የምግብና የመጠጥ ዋጋን በግማሽ ቀነሰ። ሰው ለራሱ ከተማ ክለብ ድል የማይደሰትበት ቀን ከመጣ፣ የተሸጠው የአንድ ሰው ትርዒት እንጂ ሊጉ አይደለም።

የቴሌቪዥኑ ነገር ደግሞ ያስገርማል። አፕል ከሊጉ ጋር የአሥር ዓመት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ነበረው፤ ሜሲም ከአዳዲስ ተመዝጋቢዎች ገቢ ድርሻ እንዲያገኝ ተስማማ። አዲስ ተመልካች ለመሳብ የዓለም ምርጡን ተጫዋች አመጡና፣ ለብቻው ካልከፈልክ አታየውም አሉት። ይወደዋል የተባለው ሰው እንግዲህ ገና ሳይወደው መክፈል ነበረበት። ሊጉና አፕል ይህን የተረዱት ዘግይተው ነው፤ ከ2026 ጀምሮ ጨዋታዎቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በመደበኛው አፕል ቲቪ ውስጥ እንዲገቡ ወሰኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳተው ነገር አለ። አሜሪካዊው ኳስ አይወድም ተብሎ የሚነሳው ክርክር አርጅቷል። በዚያች አገር ቴሌቪዥን ለዓመታት ከፍተኛ ተመልካች ሲያገኝ የቆየው የክለብ እግር ኳስ በስፓኒሽ የሚተላለፈው የሜክሲኮ ሊግ ነው። ኤንቢሲ ከ2013 ጀምሮ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ያስተላልፋል፤ ቅዳሜ ጧት በቡና ቤት ተሰብስቦ አርሰናልን ወይም ሊቨርፑልን የሚያይ አሜሪካዊ ለአበሻ እንግዳ ሰው አይደለም። የሜጀር ሊግ ሶከር ተቀናቃኝ ቤዝቦል አይደለም፤ ራሱ እግር ኳስ ነው። ለዚህ ተመልካች የ36 ዓመት ኮከብ ማምጣት የሚነግረው ነገር ቢኖር፣ ምርጡን ዘመኑን ሌላ ቦታ አይተኸዋል የሚል ነው። እሱን ለመሳብ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ተጫዋቾችን መግዛትና አካዳሚ ውስጥ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ አልሚሮን ከአትላንታ ወደ ኒውካስል ሲሸጥ የታየው መንገድ ይህ ነው። ዋጋው ውድ ነው፣ ዜናውም ትንሽ ነው።

ሊጉ የውድድር ዘመኑን እንደ አውሮፓ ከጁላይ እስከ ሜይ ለማድረግ ወስኗል፤ ለውጡ በ2027 ይጀምራል። የሜሲ የተራዘመ ውል እስከ 2028 ነው፤ በዚያ ጊዜ 41 ዓመት ይሞላዋል። ቤካምና አጋሮቹ ደግሞ ከማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ቋሚ ስታዲየም ሲያሠሩ ቆይተዋል። እኔ ሒሳቡን የምሠራው እሱ ላይ ነው፦ በ2029 አንድ ተራ ቅዳሜ፣ ተጋጣሚው ከሻርሎት የመጣ፣ ሜሲ የሌለበት፣ ዋንጫም የማይወሰንበት ጨዋታ። ከ25 ሺህ ወንበር ስንቱ ይያዛል?